በባሌ ደጋ ተሳቢ ለሚጎትቱ መኪናዎች ስለሚገባው የነዳጅ ቁጠባ

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው የአባቶች ምሳሌ የተነገረው ለእህል ነው። እህል የፈሰሰበት ሰው ጎንበስ ብሎ ቢለቅም ከፊሉን ያገኘዋል፤ በችኮላና ባለማወቅ የባከነ ነዳጅ ግን ጢስ ሆኖ ወደ ሰማይ ስለሚወጣ ለቃሚ የለውም። ስለዚህ ነዳጅን ከብክነት መጠበቅ እህልን ከመፍሰስ ከመጠበቅ ይልቅ የበለጠ ማስተዋል የሚያስፈልገው ነገር ነው።

ኢትዮጵያ የምታቃጥለው ቤንዚንና ናፍጣ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ከባሕር ማዶ የሚመጣ መሆኑን የማያውቅ የለም። አብዛኛውም በጅቡቲ ወደብ ከመርከብ ከወረደ በኋላ በቦቴ ተጭኖ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ ተጉዞ ወደ መካከለኛው አገር ይደርሳል፤ ለሮቤና ለጎባ የተመደበው ደግሞ ከዚያ በኋላ ገና ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። ቦቴውም ራሱ ነዳጅ እያቃጠለ ነዳጅ የሚያመጣ ስለ ሆነ፥ በባሌ ማደያ የሚቀዳው አንዱ ሊትር በመንገድ ላይ ሌላ ነዳጅ ያስወጣ ሊትር ነው። መንግሥት ለዋጋ ድጎማ ይከፍል የነበረውን ገንዘብ ለመቀነስ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማውን ለሕዝብ ማመላለሻ መኪናዎች ብቻ እየለየ መስጠት ጀመረ። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም የነዳጅ ዋጋ በየጊዜው ከፍ እያለ ሄዷል። ይህ ሁሉ የሚያስረዳው ነዳጅን በርካሽ ማግኘት ያለፈ ነገር መሆኑን ነው። ዋጋውን ማውረድ በሹፌሩ እጅ አይደለም፤ የሚያቃጥለውን መጠን ማሳነስ ግን በእጁና በእግሩ ነው።

ይህን ነገር ለመመርመር የባሌን ደጋ ያህል የሚመች ስፍራ የለም። የባሌ ተራራዎች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ አሰፈረው። ይህን ስፍራ ለማየት ከአዲስ አበባና ከሌላም አገር የሚመጣው እንግዳ ድንኳኑን፥ ምግቡን፥ ውሃውንና የመኝታ ዕቃውን ይዞ ነው። ከእነዚህም እንግዶችና አስጎብኚዎች አንዳንዶቹ ዕቃቸውን ለኮረኮንች መንገድ በተሠራች ትንሽ ተሳቢ ላይ ጭነው በባለ አራት ጎማ ጎታች መኪና ይጎትቷታል። ተሳቢዋ ስትደርስ ቤት ናት፤ በመንገድ ላይ ግን ሸክም ናት። ስለዚህች ተሳቢ የሚነገረው ደግሞ የባሌንና የአርሲን ስንዴ ጭኖ ከነተሳቢው ወደ አዲስ አበባ ለሚወርደው ትልቅ የጭነት መኪናም፥ ነዳጅ ለሚያመጣው ቦቴም የሚሠራ ነው። መጠኑ ይለያያል እንጂ ሕጉ አንድ ነው።

የመንገዱ ሁኔታ እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ የተነሣ መኪና በሻሸመኔ ወይም በአሰላ በኩል ሲሄድ በመጀመሪያ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል፤ በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ 1,640 ሜትር ያህል ነው። ሁለቱ መንገዶች በዶዶላ ይገናኙና በአዳባ አልፈው ዲንሾ ሲደርሱ ከፍታው 3,000 ሜትር ያልፋል። ከዚያም መንገዱ የዛሬው የባሌ ዞን መቀመጫ ወደ ሆነችው ወደ ሮቤ፥ ቀጥሎም 14 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የቀድሞው የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ወደ ነበረችው ወደ ጎባ ይደርሳል። እስከዚህ ድረስ ጉዞው 440 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጎባ በላይ ግን መንገዱ ከ2,700 ሜትር ተነሥቶ ወደ ሳነቴ አምባ ሲወጣ ከ4,000 ሜትር በላይ ይሆናል፤ በአጠገቡ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ነው። ሳነቴን ከተሻገረ በኋላ መንገዱ በድንገት ወደ ሐረና ጫካ ይወርድና በሪራ በኩል ወደ ዶሎ መና ያመራል። በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ይህን ያህል መውጣትና መውረድ ያለበት መንገድ በአገራችን ጥቂት ነው።

ብዙ ሹፌሮች «ነዳጁን የበላው ተራራው ነው» ይላሉ። ነገሩ በሂሳብ ሲመረመር ግን እንደዚያ ሆኖ አይገኝም። የናፍጣ ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ጉልበት ወደ ጎማ የሚያደርሰው ሲሶውን ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ በጢስ መውጫና በራዲያተር ይጠፋል። በዚህ መሠረት አንድ ቶን ሸክም አንድ ሺህ ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት የሚያስፈልገው ናፍጣ ከአንድ ሊትር ጥቂት ያነሰ ነው። እንግዲህ አንድ ቶን የምትመዝን ተሳቢ ከዝዋይ ሐይቅ እስከ ሳነቴ አምባ፥ ማለት 2,400 ሜትር ያህል፥ ከፍ ስትል ለማንሳት ብቻ የምትፈጀው ሁለት ሊትር ገደማ ነው። ጎማዋ በመንገዱ ላይ ለመንከባለል የሚፈልገው ደግሞ መንገዱ ሁሉ መልካም አስፋልት ቢሆን እስከ ጎባ ድረስ ከአራት እስከ አምስት ሊትር ይሆናል።

ነፋስ ግን ከሁለቱም ይበልጣል። ተሳቢዋ ከመኪናው በላይ የምትታይና በስፋትም የምትተርፍ ሆና አንድ ተኩል ካሬ ሜትር ያህል ግንባር ለነፋስ ብትሰጥ፥ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከአዲስ አበባ እስከ ጎባ የነፋሱ ግፊት ብቻ በግምት 12 ሊትር ያስወጣል። ይኸው መንገድ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢነዳ 7 ሊትር ያህል ይበቃል። ምክንያቱም የነፋስ ግፊት የሚጨምረው እንደ ፍጥነቱ ልክ ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ስለ ሆነ ነው። ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ከፍ ያለ ሹፌር ፍጥነቱን በሩብ ሲጨምር የነፋሱን ግፊት ከግማሽ በላይ ይጨምራል። በዓይን የሚታየው ተራራ ሁለት ሊትር ሲወስድ ሹፌሩ ይደነግጣል፤ በዓይን የማይታየው ነፋስ አሥራ ሁለት ሊትር ሲወስድ ግን አያውቀውም።

ከዚህም የመጀመሪያው ምክር ይገኛል፤ ይኸውም በሜዳው ላይ ቀስ ብሎ መንዳት ነው። ከ80 ወደ 60 ዝቅ ያለ ሹፌር በየመቶ ኪሎ ሜትሩ የሚያጣው ጊዜ 25 ደቂቃ ነው። ይህን ጊዜ በጎባ ለቡና ከሚያጠፋው ጊዜ ቢያነጻጽረው ብዙ ሆኖ አያገኘውም። ሁለተኛው ምክር ጭነትን ዝቅ አድርጎ ማሰር ነው። ዕቃው ከመኪናው ጀርባ ጥላ እንዳያልፍ ማድረግ፥ ሸራው በነፋስ እንዳይነፋ አጥብቆ መወጠር፥ በመኪናው ጣሪያ ላይ ባለው ፖርቶ መጋላ ላይም ያለ ምክንያት ጄሪካንና ሣጥን አለመደርደር ነዳጅን የሚያድን ሥራ ነው። ባዶውን የሚሄድ ፖርቶ መጋላ እንኳ ነፋስ ይይዛልና የማያስፈልግ ከሆነ ፈትቶ ቤት መተው ይሻላል።

ክብደትም ቢሆን ችላ ሊባል አይገባውም። አንድ ኩንታል ተጨማሪ ዕቃ ከአዲስ አበባ እስከ ሳነቴ ለመጎተትና ለማንሳት ከግማሽ ሊትር በላይ ይጠይቃል። ይህ ብቻውን ሲታይ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን መንገደኛው የሚጭነውን ቢመረምር ብዙው በሮቤና በጎባ ገበያ የሚገኝ መሆኑን ያያል። ውሃውን በአዲስ አበባ ሞልቶ እስከ ጎባ መጎተት፥ ድንቹን፥ ሽንኩርቱንና ዳቦውን ከሸገር ገዝቶ ስንዴና ገብስ ወደሚበቅልበት አገር መውሰድ፥ ወደ ወንዝ ውሃ እንደ መሸከም ነው። ባዶ ጄሪካን ይዞ መጥቶ በጎባ የሞላ፥ ምግቡንም በሮቤ ገበያ የገዛ እንግዳ ነዳጁን ያድናል፤ ገንዘቡም የፓርኩ ጎረቤት በሆነው ገበሬ እጅ ይገባል። ቅርሱን የሚጠብቀው ገበሬ ከቅርሱ ጥቅም ካላገኘ ጥበቃው አይጸናምና ይህ ከነዳጅ ቁጠባ የሚበልጥ ቁም ነገር ነው።

የጎማ ነገር ደግሞ በርካሽ የሚገኝ ትርፍ ነው። ነፋሱ የጎደለ ጎማ በየዙሩ እየተጨፈለቀ ይሞቃል፤ ያ ሙቀት ከነዳጅ የተወሰደ ነው። በጠጠር መንገድ ላይ እንዳይነጥር ጎማውን ጥቂት የሚያስተነፍስ ሹፌር አለ፤ ይህም ለመንገዱ የሚስማማ ብልሃት ነው። ጥፋቱ ወደ አስፋልት ተመልሶ ሳይሞላው መቶ ኪሎ ሜትር መሄዱ ነው። ልኩም የሚታየው በማለዳ ጎማው ሳይሞቅ ስለ ሆነ፥ ከመነሣት በፊት የመኪናውንም የተሳቢውንም ጎማ በመለኪያ ማየት ይገባል። የመኪናውን ጎማ ለጎሚስታ አሳይቶ የተሳቢውን የሚረሳ ሹፌር ብዙ ነው። የተሳቢው ኩሽኔታ ቅባት አለማጣቱን፥ ፍሬኗም ሳይለቅ ቀርቶ ጎማውን እያሸ አለመሆኑን ለማወቅ ጥቂት ተጉዞ ሲቆም በአጠገቡ እጅን ማቅረብ ይበቃል። አንዱ የጎማ ብረት ከሌላው ይልቅ የሚያቃጥል ከሆነ በዚያ በኩል ነዳጅ እየነደደ ነው። ስለ ጭነቱ ሚዛንም ከተሳቢው ክብደት ከአሥር እጅ አንድ እጅ ያህሉ በመጎተቻው ላይ እንዲያርፍ ከባዱን ዕቃ ከጎማው በላይና ጥቂት ወደ ፊት ማድረግ ይገባል። ከኋላ የከበደች ተሳቢ ጅራቷን ስለምታወዛውዝ ሹፌሩን በየጊዜው ፍሬን ያስረግጠዋል፤ ፍሬን በተረገጠ ቁጥር ደግሞ የተገዛበት ፍጥነት ይጠፋል።

መኪናው ወደ ሳነቴ ሲቃረብ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ አየሩ ይሳሳል። በ4,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶ ስድሳ እጅ ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ነው። ሰው በዚያ ሲሮጥ ትንፋሹ እንደሚያጥረው፥ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ከጉልበቱ ሲሶውን ያህል ያጣል። ይህን ያላወቀ ሹፌር መኪናው ሲደክምበት ነዳጅ አብዝቶ ይሰጣል። አየሩ ግን የተጨመረውን ነዳጅ ለማቃጠል ስለማይበቃ ትርፉ ጥቁር ጢስ ሆኖ ከኋላ ይወጣል። ጥቁር ጢስ ማለት ተገዝቶ ያልነደደ ናፍጣ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የሚሻለው ማርሽ ቀንሶ፥ እግርን ከነዳጁ ላይ አላልቶ፥ ጢሱ እስኪጠፋ ድረስ በዝግታ መውጣት ነው። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ ከሆነ በሳሳው አየር ላይ ሌላ ማነቂያ ይጨምራልና ከሮቤ ከመነሣት በፊት ማጽዳት ያስፈልጋል። ቱርቦ ያለው ሞተር ጉዳቱ የቀለለ ቢሆንም ሕጉ ለእርሱም ይሠራል።

ከሁሉ ይልቅ መታሰብ ያለበት የቁልቁለቱ ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ያለው ስሕተት ነዳጅን ብቻ ሳይሆን ነፍስን የሚያስከፍል ነውና። በሹፌሮች ዘንድ «ቁልቁለት በፎሌ ቢወርዱት ናፍጣ ይተርፋል» የሚል የቆየ ወሬ አለ። ማርሹን አውጥቶ መኪናውን በራሱ ክብደት መልቀቅ ማለት ነው። ይህ ወሬ በሁለት ወገን ሐሰት ነው።

በመጀመሪያው ወገን ቁጠባ የለበትም። የዛሬው ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጁ ላይ ሲነሣ ጎማው ሞተሩን ስለሚያዞረው የነዳጅ መርጫው ይዘጋል፤ በዚያን ጊዜ የሚቃጠለው ነዳጅ ምንም ነው። በፎሌ የሚወርድ መኪና ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ በየደቂቃው ጥቂት ነዳጅ ሊፈጅ የግድ ነው። አሮጌው ሞተርም ቢሆን በዚህ የሚያተርፈው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። እንግዲህ ሊቆጥብ ብሎ ማርሽ ያወጣው ሹፌር ማርሽ ይዞ ከወረደው ባልንጀራው ይልቅ ነዳጅ ያቃጠለ ነው።

በሁለተኛው ወገን አደጋው ታላቅ ነው። ሁለት ቶን ተኩል የሆነ መኪና አንድ ቶን ተሳቢ አስከትሎ ከሳነቴ ጫፍ እስከ ሐረና ጫካ ታችኛው ክፍል 2,500 ሜትር ያህል ሲወርድ፥ ከክብደቱ የሚለቀቀው ጉልበት 250 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ከፊሉን የጎማው መንከባለልና ነፋሱ ይካፈሉታል፤ የቀረውን ወይ ሞተሩ ወይ ፍሬኑ ሊሸከመው ይገባል። ማርሽ የወጣ እንደ ሆነ ሞተሩ ከሥራ ወጥቶአልና ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ሸራ ላይ ይወድቃል። ሸራው ከልክ በላይ ሲግል መያዙን ይተዋል፤ የፍሬኑ ዘይት ሲፈላ ደግሞ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ ማርሽ ለማስገባት የሚሞክር ሹፌር መኪናው ከፈጠነ በኋላ አይገባለትም። ከኋላ የምትገፋው ተሳቢም ጎታቿን በመታጠፊያው ላይ ታጥፈዋለች። አንድ ብርጭቆ የማይሞላ ናፍጣ ለማትረፍ የሰውን ሕይወት በገደል አፋፍ ማስያዝ ቁጠባ ተብሎ ሊጠራ አይችልም።

ስለዚህ ከሳነቴ ወደ ሐረና የሚወርድ ሹፌር ገና ከአፋፉ ላይ ሳለ ቆሞ የሁለቱንም ፍሬን መፈተን፥ ዳገቱን በሚወጣበት ማርሽ ወይም ከዚያ ባነሰው ቁልቁለቱን መጀመር፥ ፍሬኑን ሳያዘወትር በየጊዜው አጠር አድርጎ መርገጥ፥ ሽታ ወይም ጢስ ካየም ቆሞ ማቀዝቀዝ ይገባዋል።

እዚህ ላይ ሹማምንት ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። በብዙ ስፍራ ለሹፌር ነዳጅ የሚሰፈርለት በኪሎ ሜትር ቁጥር ብቻ ነው። ሰፋሪው ይህን ሲያደርግ ያሰበው ብክነትን ለመከልከል ነው፤ አሳቡም መልካም ነው። ነገር ግን በዝዋይ ሜዳ ላይ ያለ አንድ ኪሎ ሜትርና ከጎባ ወደ ሳነቴ የሚወጣ አንድ ኪሎ ሜትር እኩል አይደሉም፤ ባዶ መኪናና ተሳቢ የሚጎትት መኪናም እኩል አይደሉም። ለሁሉ አንድ ልክ የተሰፈረለት የደጋ ሹፌር በዳገቱ ላይ የጎደለበትን በሌላ ስፍራ ሊያካክስ ይፈልጋል። ከሜዳው ፍጥነት ቢቀንስ ያገኘው ነበር፤ ይህን የነገረው ግን የለም። ስለዚህ የጎደለውን የሚፈልገው በቁልቁለቱ ላይ ማርሽ በማውጣት ይሆናል። የሜዳው ሹፌር ደግሞ በዚያው ልክ ሲሰፈርለት ይተርፈዋል፤ የተረፈውም የት እንደ ገባ የሚጠይቀው የለም። እንዲህ ሲሆን ለቁጠባ የወጣው ደንብ በአንድ ወገን አደጋን፥ በሌላው ወገን ብክነትን ይወልዳል።

የሚሻለው መንገድ ከባድ አይደለም። አንድ መሥሪያ ቤት መኪናውን በሮቤ ማደያ አፉ ድረስ ሞልቶ፥ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር፥ የጭነቱን ክብደትና ተሳቢ መኖር አለመኖሩን በጉዞ መዝገብ ጽፎ ይላክ፤ ሲመለስም በዚያው ማደያ እንደገና ሞልቶ የገባውን ሊትር ይጻፍ። ይህ በእያንዳንዱ መንገድ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ከተደረገ የሮቤና የዲንሾ፥ የጎባና የሳነቴ፥ የጎባና የዶሎ መና ልክ ለየብቻው ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ነዳጁ በታወቀው ልክ ቢሰፈር ታማኙ ሹፌር አይበደልም፤ የማይታመነውም መሸሸጊያ አያገኝም። መዝገቡ ሌላም ጥቅም አለው፤ በአንድ መንገድ ላይ የአንዱ መኪና ፍጆታ በድንገት ከፍ ቢል ጎማው፥ ማጣሪያው ወይም የነዳጅ መርጫው መታመሙን ጋራዥ ሳይገባ ይናገራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ቁጠባ ደግሞ አለመጎተት ነው። ተሳቢዋ በዲንሾ ወይም በጎባ ጥበቃ ባለበት ግቢ ቆማ መኪናው ብቻውን ሳነቴን አይቶ ቢመለስ፥ መንገደኛው ከሸክሙ አንድ ቶኑን በታች ትቶ ወጣ ማለት ነው። የባሌ ደጋ ሕዝብ በፈረስ የታወቀ ስለ ሆነም፥ በፓርኩ ደንብ መሠረት ከአገሬው መሪና ፈረስ ተከራይቶ ድንኳኑን በፈረስ ማስጫን ይቻላል። ፈረስ ናፍጣ አይጠጣም፤ ኪራዩም በአገር ልጅ እጅ ይቀራል። በሳነቴ ላይ ቀስ ብሎ መንዳት ሌላም ምክንያት አለው። በዓለም ላይ ካሉት አምስት መቶ ገደማ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ የሚበልጡት የሚኖሩት በዚህ በባሌ ተራራ ነው፤ መንገዱም መኖሪያቸውን አቋርጦ ያልፋል። በፍጥነት የሚያልፍ መኪና ነዳጁን ማባከኑ ሳያንሰው፥ እንግዳው ሊያየው የመጣውን እንስሳ ሊገድል ይችላል።

አንዳንዶች «ዘመኑ የኤሌክትሪክ መኪና ስለ ሆነ ይህ ሁሉ ድካም ሊቀር ነው» ይላሉ። የኤሌክትሪክ መኪና በቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ ፍሬን እየሆነ ከሚለቀቀው ጉልበት ከፊሉን ወደ ባትሪው መመለሱ እውነት ነው፤ ታላቁ የህዳሴ ግድብ በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. መመረቁም ለዚህ ተስፋ የሚሰጥ ነው። ይሁን እንጂ ነፋስ የኤሌክትሪኩንም መኪና እንደ ናፍጣው ይገፋዋል፤ ተሳቢ ሲጎትትም የሚሄድበት ርቀት በእጅጉ ያጥራል። ባትሪ የሚሞላበት ስፍራ አስቀድሞ ሳይረጋገጥ ተሳቢ ጎትቶ ወደ ደጋ መውጣት ማስተዋል አይሆንም። ስለዚህ ጎታቹ ቢለወጥም የነፋስ፥ የክብደትና የጎማ ሂሳብ አይለወጥም።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ዘመን መኪና መንዳት በአገራችን ተስፋፍቷል፤ መኪናን በሂሳብ መንዳት ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። ይህም ጉድለት የሚታረመው በቅጣት ብቻ ሳይሆን በትምህርትም ነው። የመንጃ ፈቃድ የሚሰጡ ክፍሎች ተሳቢ ስለ መጎተትና ቁልቁለት ስለ መውረድ የሚያስተምሩትን ቢያጠነክሩ፥ መንገድ የሚጠብቁ ሹማምንት በሐረና አፋፍ ላይ «ማርሽ ቀንስ» የሚል ምልክት በአማርኛና በኦሮምኛ ጎልቶ እንዲታይ ቢያደርጉ፥ በክብረ በዓል ቀን ወይም ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን በሚደረገው ጉዞ ሕዝብ ጭነው የሚሄዱትን ሹፌሮች ካህናቱና ሼኾቹ ከመነሻው ላይ ቢመክሩ፥ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ብዙ ነፍስና ብዙ ነዳጅ ይድናል። ሹፌር የሚያከብረውን ሽማግሌ ቃል ከጽሑፍ ምልክት ይልቅ የሚሰማበት ጊዜ አለና።

በአንድ ተሳቢ ላይ የሚድነው አምስት ሊትር የአገርን ዕዳ አይከፍልም። ነገር ግን የስንዴው መኪና፥ ቦቴው፥ የመሥሪያ ቤቱ መኪናና የእንግዳው ተሳቢ ሁሉ በየጉዞአቸው የሚገባቸውን ያህል ቢቆጥቡ፥ ድምሩ ከወደብ የሚነሣውን የቦቴ ብዛት የሚቀንስ ይሆናል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህም ይሠራል፤ በሜዳው ቀስ ብሎ የሄደ፥ በዳገቱ ማርሹን የቀነሰ፥ በቁልቁለቱም ማርሹን ያልለቀቀ ሹፌር ነዳጁንም ተሳፋሪውንም ይዞ ቤቱ ይደርሳል።